የዋንዛው ተከራይ

ሰው ከስሕተቱ ሁሉ አብልጦ የሚያፍርበት በሌሎች ፊት የተናገረውን ነው። ይህ በእኔ ላይ በነቀምቴ ከተማ በአንድ ተክል ምክንያት ደርሶብኛል።

ከምኖርበት ግቢ አጠገብ አንድ ትልቅ ዋንዛ ለጣውላ ሲቈረጥ፥ ከቅርንጫፉ ጋር አንድ ኦርኪድ ወደቀ። ቅጠሉ ወፍራም፥ ሥሩ እንደ ነጭ ገመድ በቅርፊቱ ላይ የተጠመጠመ ነበር። አዘንሁለትና በቆርቆሮ ውስጥ ተከልሁት፤ ጥቍር አፈርና ፍግ ጨመርሁለት፤ ጧትና ማታም ውሃ አጠጣሁት። በአምስተኛው ሳምንት ሥሩ በስብሶ ሞተ።

በዚያው ሰሞን በክፍል ውስጥ፥ «በዛፍ ላይ የሚበቅል ተክል ሁሉ የዛፉን ምግብ መጥጦ የሚኖር ነው» ብዬ አስተምሬ ነበር። አንዲት ተማሪ እጅዋን አውጥታ፥ «ታዲያ መምህር፥ በደረቀ ግንድ ላይ ያለው ምኑን ይመጥጣል?» አለችኝ። ሰዓቱ አልቋል ብዬ አለፍኋት።

ሌሊት ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሣኝ። መጻሕፍት ባገላብጥ እውነቱን ከእርስዋ ዘንድ አገኘሁት። ብርቱካን የሚያደርቀው ተቀጽላ ሥሩን በእንጨቱ ውስጥ ሰድዶ የዛፉን ውሃ ይቀማል። ኦርኪዱ ግን ዛፉን የሚፈልገው ለመቀመጫ ብቻ ነው። ሥሩን የሸፈነው ነጭ ልባስ እንደ ስፖንጅ የዝናቡንና የጉሙን ውሃ ይይዛል፤ ምግቡንም በቅርፊቱ ላይ ከተጠራቀመው አቧራና ከበሰበሰው ቅጠል ያገኛል። አየር ካጣ ይታፈናል። እንግዲህ የመጀመሪያውን የገደልሁት በደግነቴ ነው! በማግሥቱ በተማሪዎቼ ፊት ቆሜ፥ «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ከብዶኝ ነበር፤ ከወጣ በኋላ ግን ቀለለኝ።

ሁለተኛውን ከሌላ የተቈረጠ ዛፍ ላይ አግኝቼ፥ በግቢው ዋንዛ ላይ፥ የጧት ፀሐይ በሚነካውና የቀትሩ በማይደርስበት በኩል፥ በቃጫ አሰርሁት። አፈር የለ፤ ፍግ የለ። በክረምት የነቀምቴ ዝናም ይበቃዋል፤ በበጋ ብቻ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ እረጨዋለሁ።

የግቢው ባለቤት አዛውንት ግን፥ «ልጄ፥ ተቀጽላ ብርቱካኔን ጨርሶብኛል፤ ዋንዛዬን ደግሞ አታስገድልብኝ» አሉኝ።

«አባባ፥ ይህ እንደ እኔ ተከራይ ነው፤ ከባለቤቱ ማዕድ አይበላም።»

«አንተስ ኪራይ ትከፍላለህ፤ እርሱ ምን ይከፍላል?» ብለው ሳቁ። አንድ ቅርንጫፍ እንኳ ቢደርቅ ራሴ እንድነቅለው ተስማማን።

በሁለተኛው ዓመት ነጭ አበባ አወጣ። ወገኑ ኤራንጊስ የሚባለው ነው። ከአበባው በስተኋላ ረጅም ቀጭን ጭራ ይንጠለጠላል፤ ማሩም ያለው በጭራው ጫፍ ነው። ሽታው የሚያይለው ሲመሽ ነው፤ የሚጠራው ረጅም ምላስ ያለውን የሌሊት የእሳት ራት ነውና። ዳርዊን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1862 የዚህን ተክል የማዳጋስካር ዘመድ፥ ጭራው 30 ሴንቲሜትር ያህል የሆነውን አይቶ፥ እስከ ጫፉ የሚደርስ ምላስ ያለው የእሳት ራት መኖር አለበት ሲል ጻፈ። ለዚያ የእሳት ራት ስም የወጣለት በ1903፥ ዳርዊን ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ ነው።

በአገራችን ከ150 የሚበልጡ የኦርኪድ ዓይነቶች አሉ። አንባቢ ሆይ፥ ብትወዳቸውም ከጫካ አትንቀላቸው፤ ከተቈረጠ ዛፍ ጋር የወደቀውን ግን አንሣ። ዘራቸው እንደ ዱቄት የደቀቀና ስንቅ የሌለው ስለ ሆነ፥ በጫካ ውስጥ የሻጋታ ወገን ካልረዳው አይበቅልም፤ የተነቀለውም ቶሎ አይተካም።

አበባው በፈነዳበት ማታ አዛውንቱ ወንበራቸውን ከዋንዛው ሥር አስወጥተው ብዙ ሰዓት ተቀመጡ። በመጨረሻም፥ «ለካ ይህ ሰው ኪራዩን የሚከፍለው በማታ ኖሯል!» አሉ።