የጣሪያው ደረሰኝ በማን እጅ ነው?

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የላሊበላ ሕዝብ ሰልፍ ወጣ። ካህናቱም ምእመኑም የጠየቁት ሹመት ወይም በጀት አልነበረም። በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከሉት ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ጉዳት ሳያደርሱ ይነሡልን፣ የተሰነጠቀውም ይጠገንልን ነው ያሉት።

በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ ሰልፍ ላይ ስለነበር ነገሩ እንደ አንድ ተጨማሪ ዜና አለፈ። ጥያቄው ግን ከሌሎቹ ሰልፎች ጥያቄ የተለየ ነበር። ከክብሩና ከቅርስነቱ ለአፍታ ለይቶ ላየው፣ ለቤታቸው የተገጠመ ዕቃ እንከን አለበት ብለው ሻጩን የሚፈልጉ ሰዎች ጥያቄ ነው። ችግሩ ሻጩ ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ገዢው ማን እንደነበርም እንዲሁ።

መጠለያዎቹ አራት ናቸው። ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን ከቤተ መስቀል ጋር፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ይሸፍናሉ። ገንዘቡ የአውሮፓ ኅብረት፣ ንድፉ የጣሊያን አርክቴክቶች ነው፤ ሥራው ያለቀው በ2000 ዓ.ም. ነው። ሲተከሉ «ጊዜያዊ» ተብለው ነበር። (በዚህ አገር ጊዜያዊ የተባለ ነገር ዕድሜው ስንት እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል።)

ለእውነት ሲባል፣ ጣሪያው ያለ ምክንያት አልመጣም። ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ውሃ የሚጎዳው ድንጋይ ነው። ጥንታዊዎቹ የውሃ መውረጃ ቦዮች ለዘመናት በአፈር ተደፍነው ኖረዋል፤ የመሬት መንቀጥቀጥም አዛብቷቸዋል። ዝናቡ ጣሪያውንና ቅርጻ ቅርጹን ሲበላው፣ ውስጥ ያሉት ሥዕሎችም ሲደበዝዙ ዝም ብሎ ማየት አይቻልም ነበር። መጠለያው ዝናብ ከልክል ተብሎ ተሠራ፤ ዝናብም ከለከለ።

ነዋሪው ያየው እንከን ሌላ ነው። የብረቶቹ እግር ያረፈው ከሥሩ ዋሻና መተላለፊያ የተፈለፈለበት አለት ላይ ነው። የላስታ ነፋስ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ነፋስ በመጣ ቁጥር ያ ሁሉ ብረት ቢወድቅስ የሚል ሐሳብ ያለበት ካህን፣ ቅዳሴው ላይ ልቡን ሰብስቦ መቆም ይከብደዋል። ባለሙያዎችም በበኩላቸው ለስምንት መቶ ዓመት ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት የኖረ ድንጋይ በድንገት ሲሸፈን ከልክ በላይ ይደርቃል የሚል ሥጋት አንሥተዋል። ላሊበላን በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮም መጠለያዎቹ ከለላ እንደሚሰጡ፣ የቦታውን እይታ ግን እንደሚነኩ በራሱ ሰነድ ጽፎታል።

ታዲያ ማን ይጠየቅ?

ከቅርሱ ወረድ ብሎ የተራውን ሰው ጣሪያ ማየት እዚህ ላይ ይጠቅማል። በላስታ ብዙው ቤት ሣር ክዳኑን ለቆርቆሮ ከለቀቀ ቆይቷል። ከብልብላ ወይም ከገነተ ማርያም አካባቢ የመጣ አንድ ገበሬ እንበል። በጥር እህሉን አስገብቶ፣ በሬ ሸጦ፣ ቅዳሜ ገበያ ላሊበላ ወጥቶ ቆርቆሮ ይገዛል። ነጋዴው «አባቴ፣ ይሄ ባለ ሠላሳ ሁለት ነው፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» ይለዋል። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብረቱ እንደሚሳሳ ገበሬው ሊያውቅ ላያውቅም ይችላል። ቢያውቅም የሚለካበት መሣሪያ የለውም፤ በጣቱ ደባብሶ፣ ጎንበስ አድርጎ ድምፁን ሰምቶ ይገዛል። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ቀነስ ይልልሃል» ሲባልም ቀነስ ያለውን ይመርጣል። ያልመረጠ ካለ እጁን ያውጣ።

ቆርቆሮው በየካቲት ይመታል። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት ያልፋሉ፤ ቤቱ ያብረቀርቃል፤ ጎረቤት ይቀናል። ሐምሌ ሲገባ በሚስማሩ ዙሪያ ዝገት፣ ከዝገቱ ሥር ጠብታ ይመጣል።

ሕጉ ምን ይላል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንከን ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። 15 ቀን! ለሬዲዮ ጥሩ ነው፤ ቤት ወስዶ መክፈት ብቻ ነው። በጥር ተገዝቶ በሐምሌ ለሚፈተን ዕቃ ግን መብቱ የሚሞተው ገና ቆርቆሮው ሳይመታ ነው። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ቆርቆሮን በዝናብ የፈተኑ አይመስልም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ዕድሜው ቢገፋም፣ እዚህ ላይ ይሻላል። በገዙ ጊዜ የማይታይ ስውር ጉድለት ሲሆን፣ ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ከዚያ ክስ ለመመሥረት አንድ ዓመት አለው። ግን ያለ ደረሰኝ ምን ይዞ ይከሳል? ወረዳ ፍርድ ቤት ሲመላለስ የሚያወጣው ወጪና የሚባክነው የሥራ ቀን የቆርቆሮውን ዋጋ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው። ገበሬው ሁለት ሽማግሌ ይዞ ነጋዴው ሱቅ በር ላይ ይቆማል። ነጋዴው መጀመሪያ ይቆጣል፤ ቀጥሎ ይምላል፤ በመጨረሻ ጥቂት ቆርቆሮ ጨምሮ ይሰጥና ይታረቃሉ። ፍትሑ ሙሉ አይደለም፤ ነገር ግን አለ። ያለውም ነጋዴው በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ሱቅ ስለሚገኝና የሰው ዓይን ስለሚፈራ ነው።

የአብያተ ክርስቲያናቱ ጣሪያ ሻጭ ቅዳሜ ገበያ አይወጣም። ውሉ የተፈረመው ገንዘብ በሰጠው፣ በሠራውና በተረከበው መንግሥታዊ አካል መካከል ነው። በእርዳታ ቋንቋ ከጣሪያው ሥር የሚቀድሰው ካህን «ተጠቃሚ» ይባላል። ተጠቃሚ ማለት ገዢ አይደለም፤ አልፈረመም፤ ደረሰኝም የለውም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ እዚህ ግን ንቀት ላይሆን ይችላል፤ ባለቤቱን እንደ እንግዳ መቁጠር ነው የሆነው። ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ በቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 መሠረት ደግሞ ቅርሱን የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ ባለሥልጣን ነው። ጥያቄ ሲመጣ አንዱ ሌላውን ያያል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3039 ለማይንቀሳቀስ ንብረት ግንባታ የሚሆን ጠንከር ያለ ነገር አለው፤ ሥራ ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ለሥራው ጥራትና ጽናት ዋስ ነው። የመጠለያዎቹ ውል የመንግሥትና የለጋሽ ውል በመሆኑ የራሱ ደንብ ሊኖረው ይችላል፤ ይሁንና ለመለኪያ ይሁን ተብሎ ቢሰላ፣ በ2000 የተጠናቀቀ ሥራ ዋስትናው የሚያበቃው በ2010 ነው። ሕዝቡ ሰልፍ የወጣው በ2011። ሰልፉ ከመጀመሩ በፊት ስንት ጊዜ በቃልና በደብዳቤ አቤት ተብሎ ይሆን? አቤቱታ በጊዜው የሚቀበልና ቀን ጽፎ ማኅተም የሚመታ ጠረጴዛ ከሌለ ዐሥር ዓመት ሳይታወቅ ያልፋል።

ካሳ ጠያቂው ሌላም ፈተና አለበት። ከስንጥቆቹ ብዙዎቹ ከመጠለያዎቹ በፊት የነበሩ ናቸው። የትኛው የዕድሜ፣ የትኛው የውሃ፣ የትኛው የብረቱ ጥፋት እንደሆነ የሚለየው ከመተከሉ በፊት የተነሣ ዝርዝር ፎቶና ልኬት ነው። ያም ካለ የሚገኘው በሠሪውና በአስጠኚው እጅ ነው። ከሳሽ ማስረጃውን ከተከሳሽ የሚለምንበት ክርክር የት እንደሚደርስ ግልጽ ነው።

ይህ ለላሊበላ የመጀመሪያው አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ በአገሪቱ አቆጣጠር፣ ውሃ ይከላከላል ተብሎ አለቱ ሬንጅ ተቀብቶ ቀይ ቀለም ተለቅልቆ ነበር። ይህም በጊዜው የቤት ማሻሻያ ዕቃ መሆኑ ነው። ውሃው ግን ሳይወጣ ከውስጥ ታፍኖ ድንጋዩን ጎዳው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሳንድሮ አንጀሊኒ የተባለው ጣሊያናዊ ባለሙያ ሲመጣ ካከናወናቸው ዋና ሥራዎች አንዱ ያንን ሽፋን ልጦ ማንሣት ነበር። የልጣጩ ወጪ የተሸፈነው ከሌላ ዕርዳታ ነው። ሬንጁን የቀባው አልተጠየቀም።

የ2011ዱም ጥያቄ ያገኘው መልስ በዚሁ መንገድ መጣ። መጋቢት 3 ቀን የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ላሊበላ ተገኝተው ፈረንሳይ ለጥገናው በባለሙያና በገንዘብ እንደምታግዝ ቃል ገቡ። ሕዝቡ በደስታ ተቀበላቸው፤ መቀበሉም ተገቢ ነው። ሆኖም ካሳ ተጠይቆ ስጦታ ተሰጠ። ካሳ የሚከፍል ሰው ምን እንደተበላሸና ለምን እንደተበላሸ መናገር ግድ ይሆንበታል፤ ስጦታ የሚሰጥ ግን ይመሰገናል፣ ይሸኛል። የመጀመሪያው ጣሪያ ጥፋት ይሁን አይሁን በይፋ ሳይወሰን ሁለተኛው ሥራ ተጀመረ። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ በሐምሌ 2013 መጨረሻ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ ቱሪስቱ ጠፋ፤ ስለ ጣሪያ የሚያስብ ሰው ከየት ይምጣ።

አሁንም ግን ዕቃ እየገባ ነውና ሳይረፍድ የሚጠየቅ አለ። የውሉ አማርኛ ቅጂ በደብሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱ ስንጥቅ ፎቶና ልኬት ለደብሩም ይሰጥ። «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ካለ አጠገቡ የሚነሣበት ዓመተ ምሕረትና የማንሻው ገንዘብ ይጻፍ። ርክክብ ሲደረግ ከባለሥልጣኑ ጋር የደብሩ አለቃም ይፈርም፤ ሳይፈርም ሥራው ተረከበ አይባል። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ገበሬው ከነጋዴው ደረሰኝ ከመጠየቅ አይለይም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2077 ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው የሕንፃው ባለቤት ነው ይላል፤ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆን እንኳ። በየዓመቱ በገና ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲያሸበሽቡ፣ ከታች ግቢው በነጭ ነጠላ ይሞላል። መጠለያው ከላይ ቆሞ እስካለ ድረስ በዚያ ሌሊት የእርሱ ባለቤት ማን እንደሆነ ስሙ ከነአድራሻው በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ነበረበት።