ሳናውቃት ስናልፋት የኖርናት ይፋት

በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ልጆቻችንን ይዘን ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ዘመድ እየጠየቅን፣ ቀስ እያልን እንመለስ ነበር። ከዕረፍታችን የቀረን ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሸዋ ሮቢትን የምናውቃት በሙቀቷ ነበር፤ ምሳ በልተን፣ ማሾና ሽንኩርት ሸምተን የጣርማበርን ዳገት መያያዝ ልማዳችን ነው። አሁንም «እንለፍ» ስንል የልጆቹ አያት «ሁለቱን ቀን እዚሁ እንቆይ» አሉን። እያጉረመረምን አደርን።

በማግስቱ የአካባቢው ወጣቶች ኖራ ወደተባለው ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ ወሰዱን። ይፋት ከ1285 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው ሱልጣኔት ነበር። የመስጊዱ ግድግዳና ሚህራብ ዛሬም ይታያል። ታናሹ ልጃችን ሚህራቡን እያየ «እነሱም እንደኛ ወደ ሰሜን ነበር የሚሰግዱት?» አለ። መካ ከይፋት በስተሰሜን ናትና ልክ ነበር። «ታዲያ የት ሄዱ?» ሲለን ግን መልስ አጣን። ስለ ባግዳድና ስለ አንደሉስ ስንተርክላቸው፣ በየዓመቱ ስለምናልፍበት አገር አንዲት ቃል አልነገርናቸውም ነበር። አፈርን። አያታቸው ዙህርን አሳጥረው አሰገዱን።

ሁለተኛውን ቀን ሽማግሌዎች ስንጠይቅ ዋልን። የወላስማ ወራሾች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዳል መሻገራቸውን፣ አርጎባዎች ግን ዛሬም በአካባቢው መኖራቸውን ልጆቹ በደብተራቸው ጻፉ።

ወላጆች ሆይ! በመንገዳችሁ ላይ ያለውን አገር ለልጆቻችሁ ሳትነግሩ አትለፉ። እኛን ያስቆሙንን አባታችንን አላህ ዕድሜ ይስጥልን። አሚን።