ሳይመረምሩ ስለ መፍረድ

የሰውን ትዕግሥት ይበልጥ የሚፈትነው ጨርሶ የተበላሸ ዕቃ አይደለም፤ አንድ ቀን እየሠራ አንድ ቀን እምቢ የሚል ዕቃ ነው። ጨርሶ የተበላሸውን ተስፋ ቈርጠው ይተዉታል፤ ደኅና የሆነውን ይሠሩበታል። በሁለቱ መካከል የሚዋልለው ግን ባለቤቱን ከተስፋ ወደ ንዴት፥ ከንዴት ወደ ተስፋ ሲያመላልሰው ይኖራል። በዘመናችን ብዙ ተማሪዎች የሚያውቁት የዚህ ዓይነት ዕቃ ያረጀ ላፕቶፕ ነው። ማታ በደኅና ተዘግቶ ያደረው ጧት ቁልፉን ሲጫኑት ዝም ይላል፤ አምስት ጊዜ ተለምኖ በስድስተኛው ይነሣል፤ በማግስቱም እንደገና ያኰርፋል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ስለዚህ ነገር መጻፌ የላፕቶፕ ጥገና ብቻ ላስተምርህ ብዬ አይደለም። ሰዎች እንደዚህ ባለ ዕቃ ላይ የሚፈርዱበት አኳኋን፥ እርስ በርሳቸው የሚፈራረዱበትን አኳኋን ስለሚያሳይ ነው።

በሰፈራችን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለች። የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፍበት ላፕቶፕ ከእርሷ በፊት ሁለት ሰው የሠራበት አሮጌ ነው። ጽሑፏን ለማስረከብ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ላፕቶፑ አንዳንድ ጧት አልነሣ አለ። መጀመሪያ እምቢ ባለበት ቀን ዋዜማ የዐሥራ ሁለት ዓመት ወንድሟ ጨዋታ ተጫውቶበት ነበርና፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ጣቱን ወደ እርሱ ቀሰረ። ልጁ ምንም አላደረግሁም ብሎ ቢምልም የሚሰማው አላገኘም። አባቱም ለትምህርት መክፈቻ ሊገዛለት ያሰበውን የጫማ ገንዘብ ለጥገና እንደሚያውለው ነገረው። ወደ አንድ ጠጋኝ ቢወስዱት ደግሞ፥ ጠጋኙ ሳይከፍተው፥ «ማዘርቦርዱ ሞቷል፤ ሌላ ግዙ» አላቸው። እንግዲህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ፍርድ ተሰጠ፤ አንዱ በልጁ ላይ፥ አንዱ በዕቃው ላይ። ሁለቱም ያለ ምርመራ ነበሩ።

ብዙ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርሁ በመሆኔ ልጅቱ ዕቃውን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፥ አንዳንዴ ይነሣል፥ አንዳንዴ አይነሣም፤ ምን ይሻለኛል?» አለችኝ።

«ልጄ፥ ዛሬስ ተነሥቷል?»

«አዎን፥ ከብዙ ልመና በኋላ።»

«እንግዲያውስ ሳትዘጊው ጽሑፍሽን ወደ ፍላሽ ገልብጪ» አልኋት።

እንዲህ ያለ ዕቃ በተነሣበት ሰዓት የመጀመሪያው ሥራ ጥገና አይደለም፤ የማይተካውን ማዳን ነው። ላፕቶፑ በገንዘብ ይተካል፤ የብዙ ወር ድካም ግን በገንዘብ አይተካም።

ከዚህ በኋላ ላፕቶፕ እንዴት እንደሚነሣ ማወቅ ያስፈልጋል። የማብሪያው ቁልፍ ሲጫን አስቀድሞ የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ማዘርቦርዱ ይደርሳል። ቀጥሎ በአንዲት ቺፕ ላይ ተጽፎ የሚኖር ትንሽ ፕሮግራም ይነቃል፤ ይህም በቀድሞዎቹ ባዮስ፥ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። እርሱም ቤቱን እንደሚዞር ዘበኛ ፕሮሰሰሩን፥ ራም የሚባለውን ጊዜያዊ ማኅደር፥ ሌሎቹንም ክፍሎች ይፈትሻል። ሁሉ ደኅና ከሆነ ዊንዶውስን ወይም እንደ እርሱ ያለውን ሥርዓት ከዲስኩ ፈልጎ ወደ ራሙ እንዲጫን ያደርጋል።

ስለዚህ መርማሪ የሆነ ሰው «ለምን አልተነሣም?» ከማለቱ በፊት «ከመንገዱ የት ላይ ቆመ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። መብራትም ድምፅም ከሌለ ነገሩ ወደ ሶኬቱ፥ ወደ ቻርጀሩና ወደ ባትሪው ያመለክታል። መብራቱ በርቶ ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወደ ራሙ ወይም ወደ ስክሪኑ ያመለክታል። የፋብሪካው ስም ታይቶ ከዚያ ወዲያ ከቆመ ወደ ዲስኩ ወይም ወደ ሥርዓቱ ነው። ሰዓቱና ቀኑ እየተሳሳተ ከተገኘም በውስጡ ያለችው ሳንቲም የምትመስል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ሳታልቅ አልቀረችም።

ምርመራው ደግሞ ከቀላሉና ገንዘብ ከማያስወጣው መጀመር አለበት። አባቶቻችን «ጠርጥር፥ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ያሉት ለዚህ ነው። ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ፈተንነው፤ ደኅና ነው። ቮልቱ እኩል የሆነ ሌላ ቻርጀር ተውሰን ሞከርን፤ ለውጥ የለም። ባትሪው ማበጡን አየን፤ አላበጠም። ያበጠ ባትሪ ግን እሳት ሊያስነሣ ይችላልና መውጋትም ሆነ እንደገና መሙላት አይገባም። ከዚያም ቻርጀሩን ነቅለን፥ ባትሪውን አውጥተን፥ በውስጡ የቀረው ኃይል እንዲፈስ ቁልፉን ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭነን ያዝን፤ ጧት ግን ያው ሆነ።

ቀጥሎ ደብተር እንድትይዝ አዘዝኋት። በእያንዳንዱ ሙከራ ሰዓቱን፥ ዕቃው ተዘግቶ የቆየበትን ጊዜ፥ የታየውንም ምልክት እንድትጽፍ ነው። መመዝገብ የታላላቆቹም ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሁለት የሚባለው ትልቅ ኮምፒዩተር ሲበላሽ፥ ሠራተኞቹ ፈልገው ሪሌ በሚባለው የኤሌክትሪክ መክፈቻና መዝጊያ መካከል አንዲት የእሳት እራት አገኙ። እርሷንም በደብተራቸው ገጽ ላይ ለጥፈው ነገሩን መዘገቡት፤ ደብተሩም በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ተቀምጧል። ግምት ከሰው ሰው ይለያያል፤ የተጻፈ ማስረጃ ግን ለሁሉ አንድ ነው።

ልጅቱ በአምስት ቀን 20 ሙከራ መዘገበች። 9ኙ አልተሳኩም፤ ከ9ኙም 8ቱ ጧት ዕቃው ቀዝቅዞ ሳለ የተደረጉ ነበሩ። ሁልጊዜም መብራቱ ይበራል፥ ማራገቢያው ይዞራል፥ ስክሪኑ ግን ይጨልማል። ብረት ሲሞቅ እንደሚሰፋ፥ ሲቀዘቅዝም እንደሚኰማተር የታወቀ ነውና፥ የላላ ወይም የቆሸሸ መገናኛ መኖሩን ጠረጠርን። ቻርጀሩን ነቅለን፥ ባትሪውን አውጥተን፥ ከሰውነታችን የሚወጣው ኤሌክትሪክ እንዳይጎዳው አስቀድመን ብረት ነካን፤ ከዚያም በካቻቪቴ ከፈትነው። በውስጡ ሁለት ራም ነበረ። አንደኛውን ብቻ ትተን ሦስት ጧት ሞከርን፤ ሦስቱንም ቀን ተነሣ። ሁለተኛውን ብቻ በዚያው ቦታ አስገባን፤ በማግስቱ እምቢ አለ። ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ጥቅሙ ይህ ነው። ቻርጀሩንም ባትሪውንም ራሙንም ባንድ ቀን የለወጠ ሰው፥ ዕቃው ቢነሣለት ማንን እንደሚያመሰግን አያውቅም።

የሁለተኛው ራም ወርቃማ ጥርሶች በብዙ ዓመት እድፍ ደብዝዘው ነበር። በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለን ጠራርገን፥ ብናኙን አራግፈን፥ እስኪገጥም ድረስ መልሰን አስገባነው። ወዲያው ተነሣ። ልጅቱ በደስታ ልትዘል ስትል፥ «ቆይ፥ በፊትም አንዳንዴ ይነሣ ነበር» አልኋት። አንዳንዴ ለሚነሣ ዕቃ አንድ ጊዜ መነሣቱ የመዳን ማስረጃ አይሆንም። ሰባት ጧት ሞከረችው፤ ሰባቱንም ተነሣ። ጽሑፏንም በቀኑ አስረከበች።

ማዘርቦርዱ አልሞተም ነበር። ልጁም በአንድ ምሽት ጨዋታ የራም ጥርስ አያቆሽሽም። ደብተሩን ለአባቱ ባሳየሁት ጊዜ ገጹን እየገለጠ ዝም ብሎ አነበበ፤ ከዚያም ልጁን ጠርቶ ጫማ ሊገዛለት ይዞት ወጣ።

ዕቃው ሲበላሽ በአጠገቡ የተገኘ ሁሉ ያበላሸው አይደለም። ከነገሩ በፊት የሆነው ሁሉ የነገሩ ምክንያት ቢሆን ኖሮ፥ ዶሮ ስለ ጮኸ ፀሐይ ወጣች ማለት በተገባን ነበር። ምናልባት በሌላ ጊዜ ምርመራው ጥፋቱን በልጁ ላይ ያገኘው ይሆናል፤ ያን ጊዜም ቢሆን የሚቀጣው በማስረጃ እንጂ በጥርጣሬ አይሆንም። በኦሪት ዘፍጥረት እንደምናነበው፥ ሁሉን የሚያውቅ አምላክ እንኳ በአዳም ላይ ከመፍረዱ በፊት ጠይቆታል። ሁሉን የማናውቅ እኛማ ምን ያህል ልንጠይቅ ይገባን ይሆን!

ሰውም አንዳንድ ቀን የሚነሣ፥ አንዳንድ ቀን የሚያኰርፍ ፍጥረት ነው። ጓደኛህ ወይም ታናሽህ አንድ ጧት እምቢ ቢል፥ በአንድ ቀን ክፋቱ ሞቷል ብለህ አትጣለው፤ በአንድ ቀን ደግነቱም ድኗል ብለህ አትዘንጋው። የት ላይ እንደ ቆመ ጠይቀው፤ ከቀላሉ ጀምር፤ ያየኸውን ልብ በል፤ ደጋግመህም ሞክር። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ጥቂት ጥረጋ ሆኖ ታገኘዋለህ።