ቦታውን የሳተ እውነት

ውድ ልጄ፣

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትወስጂ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልትገቢ መሆንሽን እናትሽ ደውላ ነገረችኝ። ከሁሉም በላይ የታሪክ ፈተናው እንዳስጨነቀሽ፣ ምርጫዎቹን ስታነቢ ሁሉም ትክክል እንደሚመስሉሽም አጫወተችኝ።

ትክክል የሚመስሉሽ አብዛኞቹ እውነት ስለሆኑ ነው። እኔም በመምህርነቴ ዘመን ጥያቄ ሳወጣ ውሸት ፈጥሬ አልጽፍም ነበር፤ እውነቱን ከቦታው አንሥቼ ሌላ ጥያቄ ሥር አስቀምጠው ነበር እንጂ። ስለዚህ «ይህ ነገር ተደርጓል ወይ?» ብለሽ አትምረጪ። «መቼ? በማን ዘመን? ለየትኛው ጥያቄ መልስ ይሆናል?» በይ።

ለምሳሌ «ምኒልክንና ኢጣልያን ያጣላው የቅርብ ምክንያት የቱ ነው?» የሚል መጣ እንበል። ምርጫዎቹ የሂዌት ውል፣ የምጽዋ መያዝ፣ የዶጋሊ ጦርነትና የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ናቸው። አራቱም የሆኑ ነገሮች ናቸው። ሦስቱ ግን በዐፄ ዮሐንስ ዘመን የተፈጸሙ ናቸው። ከምኒልክ ጋር የተፈረመው የ1881ዱ የውጫሌ ውል ብቻ ነው፤ የዐድዋም ጠብ የተነሣው ከአንቀጽ 17 ነው። ጥያቄው «የቅርብ» በማለት ፋንታ «ሥር የሰደደ ምክንያት» ቢል ኖሮ የአውሮፓውያን የቅኝ ግዛት ሽሚያ መልስ ሊሆን ይችል ነበር። አንዲት ቃል መልሱን እንዲህ ትለውጠዋለችና ምርጫዎቹን ከማየትሽ በፊት ጥያቄውን ጨርሰሽ አንብቢ፤ መልሱንም በልብሽ ያዢ። «ኖት» ወይም «ኤክሴፕት» ካየሽ በእርሳስ አስምሪበት።

የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። አንቺ ዐድዋን የምታውቂው የካቲት 23 ቀን 1888 ብለሽ ነው፤ ፈተናው በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1896 ይልሻል። በእኛው ዓመት ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ 8 ደምሪ። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ነው፤ በጭፍን 8 ከደመርሽ 1917 ይሆንብሻል፤ ትክክሉ 1916 ነው። ጠንቃቃ ጥያቄ አውጪ 1917ን ከምርጫዎቹ አንዱ ማድረጉን አይረሳም።

የጊዜ ቅደም ተከተል ሲመጣ ሁሉንም ዓመት ማስታወስ አያስፈልግሽም። ጉንደት፣ ጉራዕ፣ ዶጋሊና መተማ ተዘበራርቀው ቢቀርቡ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ መውደቃቸውን ብቻ ያዢ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ የእሳቸው ጦርነት የለምና በመተማ የማይጨርሰውን ምርጫ ሁሉ ሰርዢ። በቀሩት ላይ አስቢ።

«ብቻ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «የመጀመሪያ» የሚሉትን ቃላት መጠርጠር ደግ ነው፤ ባየሻቸው ቁጥር ግን ስህተት ናቸው ብለሽ አትፍረጂ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የአገራችን የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ነው፤ ይህ ሐቅ ነው።

አቀራረብሽን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የምታውቂውን ሥሪ፤ የከበደሽን ምልክት አድርጊበትና እለፊው። የዘለልሽው ጥያቄ ቁጥር በመልስ መስጫ ወረቀቱም ላይ መዘለል አለበት። 14ኛውን ዘልለሽ የ15ኛውን መልስ በ14 ላይ ካጠቆርሽ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይበላሻል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? የመረጥሽውን መልስ የምትለውጪው ምክንያት ስታገኚ ብቻ ይሁን፤ ስለፈራሽ ብቻ አትለውጪ። ለስህተት ነጥብ የማይቀነስ መሆኑን ከመመሪያው ካረጋገጥሽ ባዶ አትተዪ፤ ሁለቱን ሰርዘሽ ከቀሩት ሁለቱ መገመት ከአራቱ ከመገመት ይሻላል። «ሲ ይበዛል» የሚሉሽን ግን አትስሚ።

ከመግባትሽ በፊትም በቴሌግራም «የወጣ መልስ» እያሉ የሚልኩልሽን አትክፈቺ። ያንን ሰዓት የነገሥታቱን ተራና የዋና ዋናዎቹን ውሎች ዓመት በአንድ ገጽ ላይ ጻፊበት። ከቴዎድሮስ እስከ ኃይለ ሥላሴ ያለውን ሳትሳሳቺ መደርደር ከቻልሽ ብዙዎቹን ጥያቄዎች ትመልሻለሽ።

በጊዜ ተኚ፣ ቁርስሽን ሳትበዪ አትግቢ፣ እርሳስና ላጲስ ያዢ። ስትጨርሺ እናትሽ ጋ ደውዪ፤ ሐሳብ ይዟታል። ፈጣሪ ያቅናልሽ ልጄ፤ በርቺ።

አጎትሽ