ሪዛሙ መኪና

ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በወልድያ መንገድ ላይ በምትገኘው ሐይቅ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ተወልጄ በማደጌ የተጠናወተኝ አንድ አመል አለ። መኪና ሲያልፍ ፊቱን ሳላይ አልለቀውም። ሌላው ሰው ዋጋውንና የነዳጅ ፍጆታውን ሲጠይቅ፣ እኔ መብራቱ ምን ዓይነት ዓይን ይመስላል፣ ግንባሩ ኮስታራ ነው ወይስ ፈገግተኛ እያልኩ እከራከራለሁ። ጓደኞቼ «የሴት ዓይን በዚህ ልክ ብታይ ኖሮ ይኼኔ አግብተህ ነበር» ይሉኛል። ሳይሆን አይቀርም።

በእኔ ፍርድ በዚህ መንገድ ካለፉት ሁሉ መልከ መልካሙ ፊያት 682 ኤን 3፣ እኛ ባጭሩ «ኤንትሬ» የምንለው የጭነት መኪና ነው። ከፊት ፍርግርጉ ግራና ቀኝ የተዘረጋው ጌጥ የአባወራ ሪዝ ይመስላል፤ ጣሊያኖቹም «ባፎ» ብለውታል፤ ሪዝ ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። እነዚህ እንደ ነዳጅ ሞተር ብዙ ንፋስ በፊታቸው መሳብ ስለማያሻቸው ብዙዎቹ አፍ የላቸውም። ልሙጥ ናቸው። ሰላምታ ከማይመልስ ሰው ጋር የተፋጠጥኩ ይመስለኛል።

ይህንኑ ፍልስፍናዬን ባለፈው ክረምት፣ በወጣትነታቸው ኤንትሬ ለነዱት አጎቴ ዘረዘርኩላቸው። ሻያቸውን ፉት እያሉ እስክጨርስ ታገሡኝ።

«አንተ ልጅ፣ ውጭ ቆመህ ነው ያየኸው» አሉኝ። «እኔ ውስጡ ነበርኩ። ሞተሩ እጎኔ ነው፤ ሙቀቱ ጉልበቴን ሲጠብሰው ይውላል። እየነዳሁ ሪዙን አንድም ቀን አላየሁት።»

«ታዲያ ምኑን ይወዱለት ነበር፣ ጋሼ?»

«ወንበሩን ነዋ! መሪው በቀኝ ነው። የአምባሰልን ጠመዝማዛ ስወርድ ጎማዬ ከገደሉ ምን ያህል እንደራቀ በዓይኔ አየዋለሁ።»

የቀኝ መሪውን እስከዚያ ቀን እንደ ጉድለት ነበር የምቆጥረው። ጣሊያኖች በቀኝ እየነዱም የከባድ መኪኖቻቸውን መሪ ለረጅም ጊዜ በቀኝ ያደረጉት፣ በተራራ መንገድ ላይ ሾፌሩ የመንገዱን ጠርዝ እንዲያይ ነው ይባላል። ለካ የአገሬ ሰውም መኪናን ከውስጥ ማየት ያውቅበት ኖሯል። የፔዦ 404ን መልክ የቀረጸው ስመ ጥሩው የጣሊያን ድርጅት ፒኒንፋሪና ነው። አዲስ አበቤ ግን ከኋላ አግዳሚ ወንበር የተደረገበትን ፒክአፕ «ውይይት» ያለው በመልኩ አይደለም፤ ተሳፋሪዎቹ ፊት ለፊት ተያይተው ስለሚቀመጡ ነው።

ይህ ሁሉ የሻይ ቤት ጨዋታ ሆኖ በቀረ ነበር፤ የታናሽ ወንድሜ ሚኒባስ ባይኖር። በብድር የገዛት ናት። እኔ ታላቅየው፣ የመልክ አዋቂው፣ አስጊጬለታለሁ። በፊት መስተዋቷ አናት ዘርፍ ያለው መጋረጃ፣ መሐል ላይ የሚወዛወዝ ጌጥ፣ በቀኝ ጥግ ደግሞ መዳፍ ሙሉ ስቲከር። «ሙሽራ መሰለች» ብዬ ፎቶ አንስቻታለሁ።

በአንድ የገበያ ቀን፣ ጀሪካን ያንጠለጠለች ልጅ በዚያው በቀኝ ጥግ በኩል ብቅ አለች። ወንድሜ ፍሬን የያዘው አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ነው። ጀሪካኑ ተንከባሎ ቦይ ገባ፤ ልጅቱ ተርፋለች። ማታ ቤት ሲመጣ አንድም ቃል አልወቀሰኝም። «ስቲከሩ ከልሏት ነበር» ብሎ ብቻ እራቱን ሳይበላ ተኛ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ለብ ያለ ውሃና ምላጭ ይዤ ወጣሁ። ሙጫው አልለቅ ብሎ እስከ ቀትር አለፋኝ። አጎቴ ብቅ ብለው ጥቂት ካዩኝ በኋላ «አብሽር፣ ይለቃል» ብለውኝ አለፉ።

አሁን ከውጭ ለሚያያት እንደ ማንኛዋም ሚኒባስ ናት። ሾፌሩ ወንበር ላይ ወጥቼ ስቀመጥ ግን መንገዱ እስከ ጥጉ ድረስ ይታያል።