የእድሩ መዝገብና አዲሱ ሥርዓት

ሰው አሮጌ ቤቱን አፍርሶ አዲስ ለመሥራት ሲነሣ አስቀድሞ ዕቃውን ያወጣል። ይህን የማያውቅ የለም። እኛ ግን በቤታችን ያለውን ኮምፒዩተር ለማደስ በተነሣን ጊዜ ይህን ተራ ጥበብ ዘንግተነው ነበርና፥ የደረሰብንን ለአንባቢዎች ብናካፍል አይከፋም ብለን አሰብን።

የምንኖረው በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በጦር ኃይሎች፥ ከአያት የሚነሣው የቀላል ባቡር መስመር ከሚያበቃበት ብዙ ሳይርቅ አባታችን በሠሩት ቤት ነው። ኮምፒዩተሩንም የገዙት እሳቸው ናቸው፤ ባቡሩ ሥራ በጀመረበት በ2008 ዓ.ም.። በጡረታ ዘመናቸው የሠፈሩ እድር ጸሐፊ ስለ ነበሩ፥ የአባላቱን ስም፥ የቤተሰባቸውን ዝርዝርና የከፈሉትን መዋጮ ሁሉ በዚያው ይመዘግቡ ነበር። ካረፉ በኋላ የጽሕፈቱ ሥራ ወደ እኛ ዞረ። ስለ እድር ለአንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ይህን ብቻ እንበል፤ ስሙ ከመዝገብ የጠፋ ሰው ሐዘን በደረሰበት ቀን አባልነቱን በምስክር ለማስረዳት ይገደዳል፤ ያ ቀን ደግሞ ለክርክር የሚመች ቀን አይደለም።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት የኮምፒዩተሩን አካላትና ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያዝዝ መሪ ፕሮግራም ነው። ድጋፉ ቆመ ማለት ኮምፒዩተሩ በነጋታው ሥራ ያቆማል ማለት አይደለም፤ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ሲገኝ እንደ ቀድሞው የሚደፍንለት የለም ማለት ነው እንጂ። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ክፉ ፕሮግራም በ150 ያህል አገሮች ተሠራጭቶ፥ በእንግሊዝ አገር የብዙ ሆስፒታሎችን ሥራ አስተጓጕሎ ነበር። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ አደጋው የጸናው ማሻሻያውን ባልጫኑት ላይ ነው።

ታዲያ ወደ ዊንዶውስ 11 ለምን አንሻገርም? አዲሱ ሥርዓት ቢያንስ 4 ጊጋባይት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ፥ 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ፥ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት መሣሪያና ከተወሰነ ዘመን ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የአባታችን ኮምፒዩተር በዕድሜው ምክንያት ከዚህ ፈተና ወደቀ። አዲስ እንዳንገዛም ዋጋው ከአቅማችን በላይ ነበር።

ቤታችን በሦስት ተከፈለ። ታላቅ ወንድማችን፥ «የሚሠራውን ነገር ምን አስነካካን? አባባ እንደ ተዉት ይቀመጥ» አለ። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእኅታችን ልጅ ደግሞ፥ ሊኑክስ የሚባል ያለ ዋጋ የሚገኝ ሥርዓት እንዳለ፥ ለአሮጌ ኮምፒዩተርም እንደሚስማማ ነግሮን ያንኑ ሌሊት ካልጫንሁት ብሎ ተነሣ። እናታችን ሁለቱንም ሰምተው፥ «የእድሩ መዝገብስ?» ብለው ጠየቁ።

«እሱማ በፍላሽ ይገለበጣል፥ እማማ።»

«እንግዲያው አስቀድመህ ገልብጠህ አሳየኝ።»

ልጁ መዝገቡን ገልብጦ በጓደኛው ኮምፒዩተር ከፈተው። በአባላቱ ስም ፈንታ የታየው የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት የተደባለቀበት፥ ማንም ሊያነበው የማይችል ነገር ነበር። በዚያ ሌሊት አሮጌውን ሥርዓት አጥፍተነው ቢሆን ኖሮ የአባታችን ድካምና የብዙ ቤተሰብ ስም አብሮ በጠፋ ነበር።

ምክንያቱን ስንመረምር ነገሩ የፊደላችን ታሪክ ሆኖ አገኘነው። የአማርኛ ዋና ፊደላት 33 ሲሆኑ፥ በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፥ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሳይቈጠሩ ነው። የጽሕፈት መኪና በመጣ ጊዜም ይህ ብዛት ያስቸገረ ስለ ነበር ኢንጂነር አያና ብሩ ብዙ ደክመውበታል። በኮምፒዩተር ዘመን አንድ የፊደል ጥቅል የሚይዘው ከ256 የማይበልጥ ቦታ ስለ ነበር፥ ቀደምቶቹ ባለሙያዎች የእኛን ፊደል ለሁለትና ለሦስት ጥቅል ከፍለው በላቲን ፊደላት ቦታ አስቀመጡት። ዘዴው በጊዜው ትልቅ ብልሃት ነበር። ነገር ግን ጥቅሉ በሌለበት ኮምፒዩተር ከሥር ያለው ላቲን ብቻ ይታያል። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ለኢትዮጵያ ፊደላት የራሳቸውን ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አባታችን ግን በለመዱት በአሮጌው መክተቢያ ይጽፉ ነበር።

እንግዲህ ውሳኔያችን ይህ ሆነ፤ ሥርዓቱ ይለወጣል፥ መዝገቡ ግን አስቀድሞ ይወጣል። እስከዚያው ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት ለየነው።

ልጁ በመጀመሪያ ስሞቹን ራሱ እያነበበ እንደ ገና ይጽፍ ጀመር። ነገር ግን አባታችን በ«ኃ» የጻፉትን በ«ሀ»፥ በ«ፀ» የጻፉትን በ«ጸ» እየለወጠ አገኘነው። በሠፈራችን ማስታወቂያ ላይ «ጦር ሀይሎች» እና «ጦር ሐይሎች» ማየት ስለ ለመድን እኛ ነገሩን ቀላል አድርገነው ነበር። እናታችን ግን፥ «የሰው ስም ባለቤቱ እንደ ጻፈው ነው። ባንክ ሲሄዱ በአንድ ፊደል ይመለሳሉ» ብለው ከለከሉ። ስለዚህ ፊደሉን በፊደል የሚተካ መቀየሪያ ፕሮግራም ፈልገን በዚያ ለወጥነው።

እሱም ቢሆን እንከን አላጣም። ከሁለተኛው ጥቅል የነበሩ አንዳንድ ፊደላት ሳይለወጡ ቀርተው፥ የጥቂት አባላት ስም ተጎርዶ ወጣ። ከእነዚህም አንዷ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ጎረቤታችን ነበሩ። ስለዚህ አሮጌውን መዝገብ አሳትመን፥ አንዳችን ከወረቀቱ እያነበብን ሌላችን ከአዲሱ እያመሳከርን ብዙ ማታ አመሸን። መብራት ሲጠፋ አዲሱንም አሳትመን ስለ ነበር በሻማ እንቀጥላለን። እናታችን በየስሙ «እሷ ወደ ልጇ ዘንድ ሄደች»፥ «እሱ ዐርፏል፥ ልጁ ይከፍላል» እያሉ ያስተካክሉ ነበር። ያን ጊዜ ታላቅ ወንድማችን «እንደ ተዉት ይቀመጥ» ማለቱን ተወ። አባታችን ራሳቸው በየወሩ ያርሙት የነበረውን መዝገብ እኛ ሳንነካው ብናስቀምጠው እንደሚያረጅ ተረዳ።

መዝገቡ ሲያልቅ አንዱን ቅጅ ለእድሩ ሰብሳቢ ሰጠን፤ ሌላውን በሁለት ፍላሽ አኖርን። የአሮጌውንም ኮምፒዩተር ሀርድ ዲስክ አውጥተን በሣጥን አስቀመጥነው፤ ሊኑክስ የተጫነው በሌላ ዲስክ ላይ ነው። በአዲሱ ሥርዓት መጀመሪያ የከፈትነው ያንኑ መዝገብ ነበር፤ እናታችን መነጽራቸውን አድርገው የጎረቤታችንን ስም እስኪያገኙ ድረስ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ አልተነሡም።

በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ እንዲህ ባለ አሮጌ ጥቅል የተጻፈ ደብዳቤ፥ የውጤት መዝገብና ቃለ ጉባኤ ዛሬም እንደሚኖር እንገምታለን። ኮምፒዩተሩን ለመለወጥ የሚያስብ ሁሉ ከመለወጡ በፊት አንዱን ጽሑፍ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ወስዶ ይክፈተው። ፊደሉ ከታየ መልካም ነው፤ ካልታየ ግን አሮጌው ኮምፒዩተር ገና በእጁ ሳለ ዕቃውን ያውጣ።