ከተማን ስለሚያስተዳድር ሰው

ሰው ቤት ሊሠራ ቢነሣ ግንበኛና አናጢ ይፈልጋል፤ ልጁ ቢታመምበት ወደ ሐኪም ይወስዳል፤ ክስ ቢገጥመው ጠበቃ ያቆማል። ብዙ ሺህ ሕዝብ የሚኖርባትን ከተማ የሚያስተዳድር ሰው ሲፈለግ ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ የማን ወገን ነው? ማን ያውቀዋል? ይባላል። ሥራውንስ ያውቃልን? የሚለው ጥያቄ ቢነሣም የሚነሣው በመጨረሻ ነው። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት በኢሉባቦር ከተሞች እየተዘዋወርሁ አስተምሬ፣ አሁን በጡረታ የተቀመጥሁ ሰው ነኝ። የማየው ነገር ስላሳሰበኝ ይህን ጻፍሁ።

በአገራችን ከተማን ማስተዳደር ከጥንት ጀምሮ ሹመት እንጂ ሙያ ተብሎ አልተቈጠረም። በ1937 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ቁጥር 74 የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ አዲስ አበባና ጎንደር በከንቲባ፣ ሌሎቹ ከተሞች በከተማ ሹም እንዲተዳደሩ አደረገ። ከመሥሪያ ቤቶች የተወከሉ ሰዎችና ባለርስት ነዋሪዎች የሚቀመጡበት ምክር ቤትም አቆመ። ይህ ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ሹሙ ዓይኑን የሚያነሣው ወደ አገረ ገዢው፣ ከዚያም ወደ አገር ግዛት ሚኒስቴር ነበር እንጂ ቦይ ተደፍኖበት ጎርፍ ወደሚገባበት ነዋሪ አልነበረም። ርስት የሌለውማ ከነጭራሹ አይጠየቅም።

ጎሬን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን እንዳስከተለ አይጠፋውም። ጎሬ በራስ ተሰማ ናደው ዘመን የገዢ መቀመጫ ነበረች። የአገሩ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ ከዚያ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ሲሻገር የከበረች ከተማ ነበረች። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜም ለጥቂት ወራት የአርበኞቹ መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። ኋላ ግን ንግዱ መንገዱን ለወጠ፤ የክፍለ ሀገሩም መቀመጫ በ1970 ዓ.ም. ገደማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ መቱ ተዛወረ። ጎሬም አሮጌ ቤቶቿንና ጭጋጓን ይዛ ቀረች። ከተማ የምትኖረው በገዢው መቀመጥ ብቻ ከሆነ ገዢው ሲነሣ አብራ ትነሣለች ማለት ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ በምን እንተዳደራለን? ብሎ መጠየቅ የማንም የሥራ ድርሻ አልነበረም። መቱም ብትሆን ማዕርጉ ሳታስበው ነው የደረሰባት፤ በአንድ ጊዜ መሥሪያ ቤቱም፣ ሠራተኛውም፣ ቤት ፈላጊውም መጣባት፤ የውሃ መውረጃዋ ግን የትናንቱ ነበር።

ስለ ውሃ መውረጃ መናገሬ እንዳይገርማችሁ። የእኛ አገር ዝናብ እንደ ሌላው አገር ዝናብ አይደለም፤ በጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይዘንባል። መሬቱ ቀይና አንሸራታች ነው፤ ከተሞቻችንም ኮረብታ ላይ ወይም ኮረብታ ሥር የተቈረቈሩ ናቸው። ስለዚህ በኢሉባቦር የከተማ አስተዳዳሪ ችሎታው የሚፈተነው በአዳራሽ ንግግር ሳይሆን በሐምሌ ወር በገበያው ዳር ባለው ቦይ ነው። በተማርሁበት በሚሲዮኑ ግቢ እንኳ የቦይ መዝገብ ነበር። የትኛው ቦይ መቼ እንደተጠረገ፣ ማን እንደጠረገው፣ የትኛው ቱቦ እንደተሰበረ ይጻፍበታል። እኛ ልጆቹ ተራ በመጠበቅ እንጠርግ ነበር፤ በልባችንም እናጉረመርም ነበር። ነገር ግን ኃላፊው ወደ አገሩ ቢመለስና ሌላ ቢተካ አዲሱ ሰው መዝገቡን ገልጦ ከቆመበት ይቀጥላል። ሙያ ማለት በእኔ ግምት ይኸው ነው፤ ሰው ሲሄድ ሥራው አብሮት የማይሄድ ከሆነ።

በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ቀበሌም ተቋቋመ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ርስት የሌለው ነዋሪ ድምፅ አገኘ፤ ይህን ደግ ነገር መካድ አይገባም። ሆኖም የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ መምራት እንጂ ጣሪያ ማደስ አልተማረም ነበርና ብዙዎቹ ቤቶች ቆርቆሯቸው እስኪበሳ ድረስ ማንም አልነካቸውም።

ነገሩ በሕግ መልክ የተለወጠው ዘግይቶ ነው። በ1995 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል የከተሞችን አዋጅ ቁጥር 65 አወጣ፤ አማራ ክልልም ተመሳሳዩን አወጣ፤ አዲስ አበባም በዚያው ዓመት በወጣው ቻርተሯ ሥራ አስኪያጅ የሚባል ሹመት አቆመች። የሐሳቡ ፍሬ እንዲህ ነው። ምክር ቤቱ በሕዝብ ይመረጣል፤ ከንቲባው የፖለቲካውን አመራር ይይዛል፤ ሥራ አስኪያጁ ግን መንገዱን፣ ቦዩን፣ ቄራውን፣ ገበያውን፣ ቆሻሻ ማንሣቱን በሙያ ያካሂዳል። አስቀድሞ በ1987 ዓ.ም. የተከፈተው ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅም በከተማ ሥራ የሠለጠኑ ወጣቶችን ማውጣት ጀምሮ ነበር።

ይህ ሐሳብ የመጣው ከአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች ነው። በቨርጂኒያ ያለች ስታንተን የምትባል ከተማ በ1900 ዓ.ም. ሥራዋን ሁሉ የሚያካሂድ አንድ ሰው ቀጠረች። በ1905 ዓ.ም. ደግሞ በኦሃዮ ያለችውን ዴይተንን ጎርፍ አጥለቀለቃት፤ ከ300 በላይ ሰውም ሞተ። ሕዝቡ ከዚያ መከራ በኋላ አዲስ ቻርተር አጽድቆ፣ ከሌላ ከተማ ከሲንሲናቲ ሄንሪ ዌት የሚባል መሐንዲስ አምጥቶ በ1906 ዓ.ም. ሥራ አስኪያጅ አደረገው። አስተውሉ፤ ሰውየው የዴይተን ተወላጅ አልነበረም፤ በዚያች ከተማ የአክስት ልጅም አልነበረውም። በ1907 ዓ.ም. እንዲህ ያሉ ሥራ አስኪያጆች ማኅበር አቋቋሙ፤ ኋላም የሙያ ሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። እነርሱም ቢሆኑ መላእክት አይደሉም፤ የተሻሩና የተከሰሱ ሞልተዋል። ግን ሥራው ስም አገኘ፤ ስም ያገኘ ሥራም ደንብ ይኖረዋል።

እኛ ዘንድ ስሙ መጣ፤ ደንቡ ግን ገና አልጠናም። ይህንንም የማውቀው በቅርብ ነው። ያስተማርሁት አንድ ልጅ በከተማ ሥራ ተመርቆ፣ ከኢሉባቦር ከተሞች በአንዷ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ የከተማዋን ስም አልጠራም። ልጁ በክፍል ውስጥ ዝምተኛ ነበር፤ የሒሳብ ደብተሩ ግን እንደ ተጠረገ ግቢ ንጹሕ ነበር። በተሾመ በወሩ በእግሩ ከተማዋን ዞሮ ቦዮቿንና ቱቦዎቿን ሁሉ ቈጥሮ በመዝገብ ጻፈ። ካርታ የተሰጠባቸውንና ያልተሰጠባቸውን ቦታዎች ለየ። የገበያ መቀመጫ ቀረጥ በደረሰኝ ብቻ እንዲሰበሰብ አደረገ። ጠላት ያፈራው በዚህ በመጨረሻው ነው ይላሉ፤ እኔ ግን በቦታው ነው እላለሁ።

ምክንያቱም የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ ብቻ እንዲሰጥ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደንግጎ ነበር፤ የትናንሽ ከተሞች ገቢ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቦታ ነው የሚመጣው። ቦይና ቄራ የመሳሰለው የማዘጋጃ ቤት ሥራ የሚሠራው በራሷ በከተማዋ ገቢ ስለሆነ፣ በምልጃ የተሰጠ አንድ ቦታ ያልተሠራ ቦይ ማለት ነው። ይህ ሒሳብ ቀላል ነው፤ ለተማሪ ቢሰጥ ይሠራዋል።

አንድ ቀን የእኅቴ ልጅ ማር ይዞ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ያ ሥራ አስኪያጅ የእርስዎ ልጅ አይደለም እንዴ? አንድ ቃል ቢሉት እምቢ አይልዎትም፤ ከመንገዱ ዳር ለሱቅ የምትሆን ቦታ አለች» አለኝ። ጨረታ ሲወጣ እንዲገባ ነገርሁት። «ጨረታማ የባለ ብሩ ነው» አለ። እውነቱን ነበር፤ ይህን ልክደው አልቻልሁም፤ እርሱ ድኻ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት። ቢሆንም ያንን ወጣት ደንቡን ያስተማርሁት እኔ ሆኜ ደንቡን እንዲሽር የምለምነው እኔው ልሆን አልሆነልኝም። ማሩን መልሶ ወሰደው። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ፤ ለፋሲካም አልመጣም፤ እኅቴም በእኔና በልጇ መካከል ሆና ታለቅሳለች። ስለ ሥራ አስኪያጅ መጻፍ ቀላል ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሥራ አስኪያጁ ብቻ አይደለም።

ልጁ በአሥራ አራተኛው ወር ተነሣ። ጥፋት አልተገኘበትም፤ «ለሌላ ሥራ ተፈልገሃል» ተብሎ ወደ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ተዛወረ፤ እዚያም የሚሠራው ከተማ የሚባል ነገር የለውም። ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ አላማረረም። «ጋሼ፣ ሕጉ ደግ ነው፤ የሥራ ዘመን ግን አላስቀመጠልኝም፤ የሾመኝ ሰው ሲነሣ እኔም ተነሣሁ» አለኝ። ነገሩም ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ሐኪም የሆስፒታሉ ኃላፊ ሲለወጥ አብሮ አይለወጥም፤ መምህርም ዲሬክተሩ ሲሻር ጠመኔውን አያስረክብም። ሥራ አስኪያጅ ግን በውድድር ተቀጥሮ፣ የታወቀ ዘመን ተሰጥቶት፣ ጥፋቱ በምክር ቤት ፊት ሳይመረመር የማይነሣ ካልሆነ ያው የድሮው የከተማ ሹም ነው፤ ስሙ ብቻ ተለወጠ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ያወጣነው እኛው ነን፤ የሚሻርበትን ቀን የማያውቅ ሰው ይህን ተረት ቢያስታውስ ምን ያስደንቃል?

አንዳንድ ሰዎች የተማረ ሥራ አስኪያጅ ለአዲስ አበባ እንጂ ለትንሽ ከተማ ምን ያደርጋል? ይላሉ። እኔ የምለው በተቃራኒው ነው። ትልቅ ከተማ ብዙ መሐንዲስ አላት፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል። በ1999ኙ ቈጠራ ሠላሳ ሺህ ያልሞላ ሕዝብ ለነበራት ለመቱ፣ ከእርሷም ለሚያንሱት ለጎሬ፣ ለሁሩሙና ለያዩ አንድ አዋቂ ሰው ማግኘትና ማጣት የሁሉ ነገር ልዩነት ነው። መቱ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ሪፈራል ሆስፒታል አላት፤ ተማሪውና በሽተኛው ከሩቅ ይመጣል። የሚመጣው ሰው የሚረግጠው መንገድና የሚጠጣው ውሃ ግን በከተማዋ ትከሻ ላይ ነው።

ባለፈው ሰኔ ያቺን ከተማ ለለቅሶ ሄጄ አየኋት። ከልጁ በኋላ የተሾመው ሁለተኛው ሥራ አስኪያጅ ደግ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጥቶ አስተናገደኝ። ስለ ቦዩ መዝገብ ጠየቅሁት። መኖሩን ሰምቷል፤ የተቀመጠው በመዝገብ ቤቱ ቁም ሣጥን ነው ይባላል፤ ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ ግን ተዛውሯል። ከቢሮው ስወጣ ዝናቡ ጀምሮ ነበርና የገበያው ሴቶች በርበሬያቸውን በላስቲክ እየሸፈኑ ወደ ከፍተኛው ቦታ ይሸሹ ነበር።